በጭንቀት ጊዜ ልብን በጸሎት ማሳረፍ፦ በወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ እስከ ላስታ፣ ከቃሉ እስከ ደላንታ ባሉ አጥቢያዎች፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ወይም በጽዋ ማኅበር ላይ ስለ ጭንቀት የሚነሡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚኖር ምእመን ነው፤ የሌላ ቤተ እምነት አንባቢም ከዳዊቱና ከሰዓት አጠባበቁ የሚወስደው አያጣም። የመዝሙር ቁጥሮቹ የተሰጡት በግእዙ ዳዊት ነው፤ በእጅዎ ካለው መጽሐፍ ጋር ካልገጠሙ የመጨረሻውን ጥያቄ ይመልከቱ።

መጨነቅ የእምነት ማነስ ነው? ኃጢአት ይሆንብኛል?

አይደለም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል (ማቴ. 26)፤ ያንኑ ልመናም ሦስት ጊዜ ደጋግሞታል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ለምኗል (1ኛ ነገ. 19)። ለኤልያስ በቅድሚያ ምን እንደተሰጠው ልብ ይበሉ፦ እንቅልፍ፣ ከዚያ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ፣ ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ፣ እንደገና ምግብ። ወደ ኮሬብ የ40 ቀን መንገድ የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው። ተግሣጹም ተልእኮውም የመጣው ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልብዎ ሲሸበር ገና ከጅምሩ «ምን በደልኩ?» ብለው አይነሡ። በልቻለሁ ወይ? ትናንት ተኝቻለሁ ወይ? ብለው ራስዎን ይጠይቁ። በጭንቀቱ ላይ «እምነት የለኝም» የሚል ጸጸት የሚጨምር ሰው ሁለት ሸክም ይሸከማል። ንስሐ የሚያስፈልገው ጭንቀቱን ለማብረድ ጠንቋይ ቤት የሄደ፣ በአረቄ የደፈነው ወይም በቤተሰቡ ላይ የተወጣው ሰው ነው።

ጸሎት ለምጄ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ሰዓታት ሰባት ናቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ጀማሪ ሁለቱን ብቻ ይያዝ፤ ነግህንና ንዋምን፣ ማለትም ጠዋት ሲነሡና ማታ ሲተኙ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጸሎት ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ፊትዎን ወደ ምሥራቅ አድርገው ይቁሙና ያማትቡ። አቡነ ዘበሰማያትን፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ይድገሙ። ከዚያ አንድ መዝሙር፦ ጠዋት 22ኛውን ወይም 26ኛውን፣ ማታ 4ኛውን ወይም 90ኛውን። ቀጥሎ 12 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፤ ልምዱ ሲጸና ወደ 41 ከፍ ይላል። በመጨረሻ ለሁለት ደቂቃ ያህል ምንም ሳይሉ ይቁሙ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አማትበው ይጨርሱ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይጨምሩ፤ ለሰባቱ ቀናት ተከፍሎ የተዘጋጀ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ ማንበብ ነው። ሙሉ ዳዊት መድገም የሚፈልግ ክፍፍሉ ይኸው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይነበባሉ። ግን እዚህ ለመድረስ አይቸኩሉ። በጭንቀት የተያዘ ሰው ሰኞ ዕለት 30 መዝሙር ይጀምርና ሐሙስ ላይ ሲያቅተው ጭራሽ ይተወዋል፤ የጭድ እሳት ይሆናል። ከዚያ ጸሎቱ ራሱ «ያልተወጣሁት ዕዳ» ሆኖ ሌላ ጭንቀት ይወልዳል። አምስት ደቂቃ ሳይታጎል ለአንድ ዓመት መጸለይ በሱባኤ መካከል ከሚመጣ የሦስት ቀን ትጋት ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ሰዓቱን ከሚሠሩት ሥራ ጋር ያያይዙት፦ እሳት ከማንደድዎ በፊት፣ ሱቁን ከመክፈትዎ በፊት፣ ከብቱን ከማውጣትዎ በፊት። «ሲመቸኝ እጸልያለሁ» ያለ ሰው አይመቸውም። ቋንቋውን በተመለከተ፦ ግእዙ ጣፋጭ ነው፤ የተጨነቀ ልብ ግን የሚገባውን ቃል ይፈልጋልና ግእዝ የማያውቅ በአማርኛው ይጀምር።

ድንገት ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሰዓት መጽሐፍ መግለጥ አልችልም።

አይግለጡ። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው አባ መቃርስ እንዴት እንጸልይ ብለው ሲጠይቁት ብዙ ቃል እንደማያስፈልግ፣ እጅን ዘርግቶ «ጌታ ሆይ፣ እንደ ፈቀድህ፣ እንደምታውቀውም ማረኝ» ማለት እንደሚበቃ ነግሯቸዋል። ለዚህ ሰዓት የሚሆነው እንዲህ ያለው አጭር ጸሎት ነው።

አደራረጉ ይህ ነው። ይቀመጡ፤ ሁለቱም እግርዎ መሬት ይንካ። አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ያስገቡ፣ በልብዎ «እግዚኦ» እያሉ፣ እስከ አራት በሚያስቆጥር ልክ። ሲያስወጡ «መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ፣ እስከ ስድስት በሚያስቆጥር ልክ። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው መርዘም አለበት፤ የልብ ምት የሚቀንሰው በረጅሙ ሲተነፍሱ ነው። መቁጠሪያ ካለዎት በየትንፋሹ አንድ ፍሬ ያሳልፉ። 41 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ በዚህ አካሄድ ሰባት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ መካከል መብረድ ይጀምራል። መቁጠሪያ ከሌለ ጣት ይበቃል።

የሚበላሸው የት ነው? በፍጥነትና በኃይል በመተንፈስ። ቶሎ ቶሎ የተነፈሰ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ከንፈሩና ጣቱ ይነዝረዋል። ይህን ስሜት «መንፈስ ያዘኝ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ድንጋጤው በእጥፍ የሚጨምረው በዚህ ነው። ትንፋሹን ሲያዘገዩት መንዘሩ ይጠፋል። ደረትን አጥብቆ የሚይዝና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ ግን መቁጠሪያውን በእጅ ይዞ ወደ ሆስፒታል ነው።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ እገላበጣለሁ።

መንፈቀ ሌሊት ከሰባቱ የጸሎት ሰዓታት አንዱ ነውና በዚያ ሰዓት መንቃት ቦታ አለው። ነገር ግን ሌሊቱን ሁሉ ቁመት አያድርጉት፤ ነገ ሥራ አለ። 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ ከአልጋው ይውረዱ። ጋቢ ደርበው ይቀመጡ፤ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ይሁን። ጧፍ ካበሩ ከአልጋና ከመጋረጃ ይራቅ፤ ሲተኙም ያጥፉት። መዝሙር 4ን፣ 90ንና 120ን በለሆሳስ፣ ድምፅ እያሰሙ ያንብቡ። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለውን በጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የሚያባንነው ሐሳብ ሥራ ከሆነ በወረቀት ላይ በአንድ መስመር ይጻፉት፦ «ነገ 3 ሰዓት ቀበሌ ሄጄ እጠይቃለሁ»። «የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» የሚለው (1ኛ ጴጥ. 5፥7) እዚህ ላይ በእጅ የሚሠራ ነገር ይሆናል፤ ጉዳዩ ወረቀቱ ላይ ያድራል፣ እርስዎ ይተኛሉ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ለመጽናናት ብለው ስብከት የሚከፍቱ ሰዎች ከስብከቱ ወደ ዜና፣ ከዜናው ወደ ጭቅጭቅ ተሻግረው ነው የሚነጋባቸው።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የማይወዱት መልስ። የቡና ኃይል ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጨረሰ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ቡናው ገና አልለቀቀውም። ቡናውን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ያድርጉት። ጫትም እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብን ያስመታል። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን ሌሊቱ ሲጋመስ ያባንናል። እነዚህን ሳይነኩ ጸሎትን ብቻ ማርዘም የትም አያደርስም።

ጸሎት ስጀምር ሐሳቤ ይበተናል።

የሁሉም ይበተናል። ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፣ ቆመው ያንብቡ፣ ከስልክ ይልቅ ከመጽሐፍ ያንብቡ። ሐሳብዎ መሄዱን ባወቁበት መስመር ላይ ይቀጥሉ፤ «አልተቀበለኝም» ብለው ከመጀመሪያው አይድገሙት፣ ያ ልማድ አያልቅም። ከጸሎቱ በፊት ጥቂት ስግደት ሰውነትን ሰብሰብ ያደርጋል፤ የንስሐ ስግደት በሰንበትና ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት እንደማይሰገድ፣ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛም እንደማይገደዱ ያስታውሱ።

ወሬ ስሰማ ያ ሁሉ ይመለስብኛል። ተኩስ የሚመስል ድምፅ ሲሰማ አልችልም።

በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት የተያዙበትን ጊዜ ያሳለፈ ሰው የርችት ወይም የመኪና ጎማ ድምፅ ቢያስደነግጠው አይገርምም። ሰውነት ያየውን ያስታውሳል፤ ይህ ከእምነት ጋር ጠብ የለውም። ድምፁ ሲመጣ ከላይ ያለውን የትንፋሽ ጸሎት ይያዙ፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ፤ ያሉበትን ቤት፣ በሩን፣ አጠገብዎ ያለውን ሰው ይመልከቱ።

ለዜና በቀን ሁለት ጊዜ ይመድቡ፣ ቀትር ላይና ከሠርክ ጸሎት በፊት፤ ከእራት በኋላ ይቅር። ወሬ ሲመጣ ሦስት ጥያቄ ያንሡ፦ ማን አየ? የት? መቼ? ሦስቱን መመለስ ለማይችል ወሬ ከንፈርም አይምጠጡ፣ ለሌላም አያሳልፉ። «ለነገ አትጨነቁ» ማለት ግን ለነገ አታዘጋጁ ማለት አይደለም። የመታወቂያና የልጆች የልደት ወረቀት በአንድ ከረጢት፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀት፣ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ጥቂት መጠባበቂያ። እጅ የሚሠራው ሥራ ሲያገኝ ልብም ይረጋል። ምህላ ሲታወጅ ቤትዎ ብቻዎን ከመጸለይ ወጥተው ከሕዝቡ ጋር ይቁሙ።

ልጄ ዓረብ አገር ናት። ስልክ ካልደወለች እንቅልፍ የለኝም።

የደወሉ ሰዓት ያልታወቀ ከሆነ እናት ቀኑን ሙሉ ስልክ ታያለች። በሳምንት አንድ ቁርጥ ያለ ቀንና ሰዓት ይቀጣጠሩ፤ አሠሪዎቿ ስልክ ሊከለክሏት ስለሚችሉ «ሁለት ቀጠሮ ካለፈ ነው የማስበው» ብለው አስቀድመው ይስማሙ። ከዚያ የጸሎት ሰዓት ይጋሩ። ሳውዲ፣ ኩዌትና ኳታር ከኢትዮጵያ ጋር ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እርስዎ ማታ 3 ሰዓት ላይ አቡነ ዘበሰማያት ሲሉ ሪያድ ያለችውም በዚያው ደቂቃ ትላለች፤ ዱባይ ላለችው 4 ሰዓት ይሆናል። ስልክ ለሌላት ልጅም ይህ ቀጠሮ ይቆማል።

ጠበል ከጀመርኩ መድኃኒቴን ላቁም?

አያቁሙ። በዚህ ላይ ማለባበስ አያስፈልግም፤ ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመንም የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ ቤተ ክርስቲያን በግልጽ አስተምራለች። የጭንቀትና የድብርት መድኃኒትም እንዲሁ ነው።

የጭንቀትና የድብርት እንክብሎች ለውጥ ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳሉ። ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «አልረዳኝም» ብሎ ትቶ ጠበል ይገባል፤ ወይም በጠበሉ ሰሞን ሲሻለው «ድኛለሁ» ብሎ በአንድ ቀን ያቆማል። በድንገት ሲቆም ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና የበሽታው ማገርሸት ይከተላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቆም ደግሞ ተከታታይ መንዘፍዘፍ አምጥቶ ሊገድል ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብቻውን ወደ መጠመቂያ መግባትም የለበትም። እንክብሉን በጠበሉ ይዋጡት።

ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ለሚጾሙ ሰዓቱ ይጋጫል። መፍትሔው እንክብሉን መዝለል አይደለም፤ ሐኪሙን «ወደ ማታ ይዛወርልኝ?» ብለው ይጠይቁ፣ የማይቻል ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ያስረዱ።

እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋ፣ ሥራ መሥራት ካቃተ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማ ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ያስጽፉ፤ በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (በቀድሞ ስሙ ደሴ ሪፈራል) የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሰው ካለ በዚያው ቀን ይውሰዱት፣ ለብቻው አይተዉት፣ በቤት ያለውን የተባይ ማጥፊያ መርዝ ያርቁ። ሰንሰለትና ዱላ ደግሞ ጸበልተኛን አያድኑም።

ስእለት ልሳል?

በድንጋጤ መካከል አይሳሉ። መክብብ በምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል። በሬ ተስሎ በሬ የሌለው ሰው ከጭንቀቱ ወጥቶ ወደ ስእለቱ ጭንቀት ይገባል። ሲረጋጉ ይሳሉ፣ የሚችሉትን፦ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ ለነዳያን ዳቦ።

ጾም ያረጋጋል?

ለጤነኛ ሰው አዎ፤ ቀኑን ሥርዓት ያስይዘዋል። ስኳር በሽተኛ፣ የምታጠባ እናት፣ ከድብርት የተነሣ ክብደቱ የወረደ ሰው ግን ለንስሐ አባት አስረድቶ ፈቃድ ይቀበል።

የንስሐ አባት የለኝም፤ ቢኖረኝስ ምን እላለሁ?

ለአጥቢያዎ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ቢጠይቁ ካህን ይመድቡልዎታል። የሚቀርቡት ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይሁን፤ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር አይጠቅምም። ሦስት ነገር ይዘው ይሂዱ፦ የሠሩትን ኃጢአት፣ የሚያስጨንቅዎትን ጉዳይ፣ የጤናዎን ሁኔታ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ሲደባለቁ ሰው የጎረቤቱን በደል ተናዝዞ ይመለሳል። የተሰጠዎት ቀኖና ከአቅምዎ በላይ ከሆነ እዚያው ይናገሩ፤ ካህኑ ማቅለል ይችላል። ዝም ብሎ ተቀብሎ መተው ነው ኋላ የሚያሳፍረው።

ግሸን ብሄድ ይሻለኝ ይሆን?

ምን እንደሚፈልጉ ይወስነዋል። መስከረም 21 ግሸን ደብረ ከርቤ በሰው ይጥለቀለቃል፤ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ በልደት በዓል፣ በ«ቤዛ ኩሉ» ዝማሬ እንዲሁ ነው። ብቸኝነት ያደከመው ሰው በዚያ ሕዝብ መካከል ይበረታል። ሰው ሲበዛ የሚታፈን፣ ጸጥታ የፈለገ ግን በክብረ በዓሉ ባይሄድ ይመረጣል። ከበዓል ውጭ ባሉ ቀናት በዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ወይም በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያበሩት ሐይቅ እስጢፋኖስ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም። ግሸን ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፦ ጋቢ፣ በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ውኃ፣ የጸና ጫማና የሚወስዱትን መድኃኒት ከቀኑ ብዛት ትንሽ አስበልጠው ይያዙ። ተበድረው አይሂዱ።

ሊያጽናኑኝ የሚመጡት ሙስሊም ጎረቤቶቼ ናቸው። ዱዓ ሲያደርጉልኝ ምን ልበል?

በወሎ ይህ ጥያቄ የሚነሣው በአብዛኛው ከሌላ አገር ከመጣ ሰው ነው። «አብሽር» ብሎ ደጅዎን ያንኳኳውን ሰው ይቀበሉት፣ ቡናውን ያፍሉ፣ ምርቃቱን «አሜን» ይበሉ፤ የራስዎን ጸሎት በራስዎ ሥርዓት ይጸልያሉ። ሥጋ ሲቀርብ ሁሉም የየራሱን እንደሚበላ የታወቀ ነው። የተጨነቀ ሰው ዋና ጠላቱ በር ዘግቶ መቀመጥ ነውና፣ ዕድሩም ጽዋውም የጎረቤት ቡናውም እንዳይቀርብዎት።

የመዝሙሩ ቁጥር ከእኔ መጽሐፍ ጋር ለምን አይገጥምም?

የግእዙ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን ትርጉም (የብሉይ ኪዳንን ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም) ይከተላል፤ በሌላው፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 9ኛና 10ኛ የሚባሉት በእርሱ አንድ መዝሙር ናቸው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ እስከ 146 ድረስ በአብዛኛው የአንድ ቁጥር ልዩነት አለ፦ የግእዙ 22 በሌላው 23፣ 26ቱ 27፣ 90ው 91፣ 120ው 121 ነው። 4ኛው በሁለቱም 4ኛ ነው። ሲጠራጠሩ በመጀመሪያው መስመር ይፈልጉ።